ድፍርሱን የፈጠርሁት እኔ ነኝ

አስማት ልፍጠር ብሎ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ ጤናውን ቢመረመር ደግ ነበር። እኔ አልተመረመርሁም። ወረታ መገንጠያው ላይ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያይበት አለፍ ብሎ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ይዤ የሰው ማመልከቻ የምጽፍ ሴት ነኝ። ጎረቤቱ ድንበር የገፋበት፣ ባሏ ጥሏት የሄደ፣ መታወቂያው ላይ የአያቱ ስም የተሳሳተበት፣ ሁሉም እፊቴ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፤ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ እንባ «ስለሆነም በትህትና እጠይቃለሁ» በምትል መስመር ጨምቄ አወጣዋለሁ። ስምንት ዓመት እንዲህ የሠራ ሰው ወይ ይመንናል ወይ ልብ ወለድ ይጽፋል። ለመመነን ሆዴን እወዳለሁ።

ልብ ወለዱንስ እንደ ሰው የፍቅር ታሪክ ጽፌ አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ኔትወርክ በመጣ ቁጥር የምገባበት የቴሌግራም ቡድን ነበር፤ ራሳቸውን ደራሲያን ብለው የሚጠሩ ሰዎች የተሰበሰቡበት። ሁሉም ስለ ምናባዊ ዓለም ነው የሚጽፉት፤ ዓለማቸው ግን አንድ ነው። ዘንዶ አለ፣ እሳት ይተፋል። ጀግና አለ፣ ሰይፉ ያበራል። ጢሙ ጉልበቱ የደረሰ ሽማግሌ አለ፣ በትሩን ያወዛውዛል። ከሁሉ የሚያበግነኝ በረዶው ነው። መተማ ተወልዶ መተማ ያደገ ሰው በየምዕራፉ ጀግናውን በረዶ ለበረዶ ያስኬደዋል። ኧረ በፈጠረህ፣ አንተ በረዶ ከማቀዝቀዣ ውጭ የት አየህና ነው!

የቡድኑ መሪ ነኝ ባይ አንድ የባሕር ዳር ሰው ነበር፤ ያሳተመው ነገር የለም፣ ምክር ግን አያልቅበትም። «አስማት ሕግ ያስፈልገዋል» ይለን ነበር። «ይህን ያህል ጉልበት ስትከፍሉ ይህን ያህል እሳት ታገኛላችሁ። እንዲህ ካልሆነ አንባቢ አያምናችሁም።» አንድ ቀን ብስጭት አልሁና «ይኼማ ወፍጮ ቤት ነው» ብዬ ጻፍሁለት። «እህልህን ታመጣለህ፣ ይመዘንልሃል፣ ዱቄትህን ተሸክመህ ትሄዳለህ። አስማት ማለት ገብስ አስገብተህ እባብ ሲወጣ ነው።» «እስቲ አንቺ ሥሪና አሳዪን» አለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። እሺ አልሁ።

ይህ ሁሉ ድፍረት ከየት መጣ ቢባል፣ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ፣ ክረምት ውሃ ከሚከባቸው አጥቢያዎች በአንዱ፣ አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እንደ ተማሪዎቻቸው እኔም የኔታ ነው የምላቸው። በልጅነታቸው ከጎጃም ለትምህርት መጥተው እዚያው ቀሩ፤ ይህን ያህል ዘመን ኖረውም ለአገሬው አሁንም መጤ ናቸው። መሬት የላቸውም፣ ከብት የላቸውም። እናቴ ሞታለች፤ ከእኔ ሌላም ልጅ የላቸውም። ያላቸው ያ የማስተማሪያ ወንበር ብቻ ነው። ሠላሳ የሚሆን ተማሪ ዙሪያቸውን በሣር ጎጆ ያድራል፣ ቀን ከመንደር እህል ለምኖ ይበላል፣ ከሳቸው አፍ ዜማ ይቀበላል። ያ ወንበር ከተወሰደ የኔታ የሚሄዱበት የላቸውም።

ደብተራ ባለበት አገር ደግሞ ጥርጣሬ አይጠፋም። ተደብቆ እየመጣ «ጠላቴን የምጥልበት አንድ ነገር ይጻፉልኝ» የሚላቸው ነበር፤ የኔታ በመቋሚያቸው ነው የሚያባርሩት። የተባረረው ሁሉ ታዲያ «ለእኔ ነፈገኝ እንጂ ያውቃል» እያለ ይሄዳል። ይህን እያየሁ አድጌ ነው እንግዲህ በዚያው ነገር ልጫወት የተነሳሁት።

ፎገራ ሜዳ ላይ ላደገ ሰው ትርምስን ዘንዶ መጥቶ አያስረዳውም። ሐምሌ ሲጋመስ ርብና ጉማራ መውረጃቸውን ጥሰው ይወጣሉ፤ ሜዳውና ጣና አንድ ይሆናሉ። ሰኔ ላይ በድንበር የተፈነካከቱ ጎረቤታሞች ነሐሴ ላይ ድንበሩ የት እንደነበረ በጣታቸው ማሳየት ያቅታቸዋል። ከዚያ ተነሳሁ። በእኔ ዓለም ፈጣሪ የጠራውን ከድፍርሱ ሲለይ ጥቂት ድፍርስ ከሥር ቀረ። ረስቶት ነው ወይስ ሆን ብሎ የሚለውን ለዚያው ዓለም ካህናት ተውሁላቸው፣ ይጣሉበት። ማንኛውም ነገር ተለይቶ ከመውጣቱ በፊት የነበረው ስም አለው፤ የድፍርስ ስም አልሁት። በዚያ ስም የተጠራ ነገር ምን እንደሆነ ይረሳል። ወንዝ መውረጃውን ይረሳል። በሬ ጌታውን ይረሳና ይወጋዋል። እሳት እንጨቱን ትቶ ድንጋዩን ይበላል። ጠሪው የሚያዝበት ነገር የለም፤ ስሙን ይጠራል፣ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን እንደማንኛውም መንገደኛ ቆሞ ያያል።

የባሕር ዳሩ ሰው «ጥሩ፣ ዋጋውስ?» አለ። መቼም ያለ ዋጋ አይሆንለትም። ሦስት ሳምንት ማመልከቻ እየጻፍሁ አሰብሁበት። አንድ ቀን ወንድሙ በገደለው ሰው ደም ምክንያት አገሩን ጥሎ የተሰደደ ገበሬ ማመልከቻ ሊያጽፍ መጣ። እሱ ያጠፋው ነገር የለም፤ የገዳይ ወንድም መሆኑ ብቻ ነው። ሰውዬው እያለቀሰ ሲናገር እኔ በሆዴ «አገኘሁት!» አልሁ። እንዲህ ያለች ሰው ነበርሁ።

ዋጋውን የሚከፍለው ጠሪው አይደለም፤ ጠሪው የሚወደው ሰው ነው። መቼ እንደሚከፍል አይታወቅም፣ ምኑ እንደሚወሰድበትም አይታወቅም፤ የተጠራውም ነገር በተጠራበት ቀን አይሆንም፣ ቀኑ አይታወቅም። አንዴ ከተከፈለ ግን ድፍርሱ ይረጋል፣ አገሩም ሰላም ያገኛል። ይህን የጻፍሁ ቀን በራሴ ተደንቄ ምሳዬን ረሳሁ። ቡድኑ አበደ። የባሕር ዳሩ ሰው እንኳ «እንዲህ ያለ ክፉ አስማት አይቼ አላውቅም» አለ፤ ምስጋናው ነው። እኔን ከሁሉ ያኮራኝ ሌላ ነበር። ዛሬ ተጠርቶ ዛሬ ምንም ባይሆን ውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ ቀኑ አልደረሰማ! ማንም የማያፈርሰው ነገር ሠራሁ ብዬ ፈነጠዝሁ። ቂል።

በኮምፒውተር መጻፉ አልጣመኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ የኔታን ልብስ ላጥብ፣ ወጥ ልሠራላቸው ስሄድ እሳቸው ቤት ነበር የምጽፈው፤ እሳቸው ከተማሪዎቻቸው ጋር ስለሚውሉ ቤቱ ለእኔ ይለቀቃል። ወፍራም ደብተር ገዛሁና በዚያ ዓለም የሚኖር አንድ ጠሪ በእጁ የጻፈው አስመሰልሁት። ስሞቹን፣ አጠራራቸውን፣ የትኛው ወንዝ በየት በኩል እንደሚወጣ ዘረዘርሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከግድግዳ ወዲያ ሆኜ የለቃቀምሁትን ግእዝም ጣል ጣል አደረግሁበት። በዚህ ብቻ መች አበቃሁ! የኔታ ጥቁርና ቀይ ቀለም አላቸው፤ እኛ ዘንድ በቀይ የሚጻፈው የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነው። እኔ የድፍርስ ስሞቹን በቀዩ ጻፍኋቸው፣ በመቃ ብዕር፣ ምላሴን አውጥቼ እየተጠነቀቅሁ። ያምራሉ ብዬ!

ቂምም አለበት፤ ልናገረው። የደብሩን አስተዳደር የያዙት ቄሰ ገበዝ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ከተማሪዎቹ ጋር ሳዜም ሰምተውኝ «ሴት ልጅ ዜማ ብታውቅ ምን ልታደርገው ነው? ለሊጥ ልታዜምለት?» ብለው ሰው ፊት ሳቁብኝ። ሰውም አብሮ ሳቀ። ሃያ ዓመት አልፎም አልረሳሁትም። ደብተሬ ላይ ርብ በድፍርስ ስሙ ሲጠራ መጀመሪያ የሚበላው የሩዝ ማሳ የሳቸው ነበር። ስማቸውን አልጻፍሁም እንጂ ግራሩን፣ ጉብታውን፣ ከብት ማጠጫውን አንድ በአንድ አስቀምጫለሁ። ደስ እያለኝ ነው የጻፍሁት።

ክረምት ሲገባ እዚያ ሜዳ ላይ የማይሻግት ነገር የለም። ደብተሬን እርጥበት እንዳያበላሽብኝ ከየኔታ ባዶ ማኅደሮች በአንዱ፣ መጽሐፍ ከሚያዝበት የቆዳ ከረጢት ውስጥ ማለቴ ነው፣ ከትቼ ከመጻሕፍታቸው ጋር ችካል ላይ ሰቀልሁት። በሳምንቱ ቄሰ ገበዝ መጽሐፍ ሊዋሱ መጡ። የኔታ ከተማሪዎቹ መሀል ሳይነሱ «ችካሉ ላይ ነው፣ ይውሰዱት» አሏቸው። የሰው ማኅደር ከፍቶ እያገላበጠ የሚዋስ ካህን የለም፣ ነውር ነው። አንስተው ትከሻቸው ላይ አንግተው ሄዱ። የወሰዱት የእኔን ነበር።

አሥራ አምስት ቀን ያዙት። በዘጠነኛው ቀን ርብ መጣ። ርብ በየዓመቱ ይመጣል፤ የዚያን ዓመት ግን ባልተለመደ በኩል ጥሶ ነው የወጣው። የማንን ማሳ መጀመሪያ እንደበላ መናገር ያስፈልገኛል? የቄሰ ገበዝን ሩዝ ወስዶ አሸዋ ጥሎላቸው ሄደ።

የኔታ ወረታ መምጣት አይወዱም። ያን ሐሙስ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው፣ ጋቢያቸው ረጥቦ፣ ባጃጅና የጭነት መኪና እየተጋፋቸው ሱቄ ደረሱ። አመልካቾች የሚቀመጡባት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ጽፈሽ ቤቴ ሰቅለሻል?» አሉኝ።

«አዎ የኔታ። ልብ ወለድ ነው።»

«ልብ ወለድ ምንድን ነው?»

«የሌለ ነገር። ከራሴ የፈጠርሁት። ሰው የሌለ መሆኑን አውቆ የሚያነበው።»

«አውቆ?» አሉ። «የሌለ መሆኑን ካወቀ ምን ሊያደርግለት ያነበዋል?»

ያን ሁሉ ዓመት ያነበብሁት አንዲት መልስ አላቀበለኝም።

«የኔ እጅ ጽሑፍ ነው ብለዋል ቄሰ ገበዝ» አሉ የኔታ። «ወንዙን የጠራሁት እኔ ነኝ ተብያለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ሊያስወጣኝ ነው። እኔስ ሽማግሌ ነኝ፣ የወደቅሁበት ልውደቅ። የጀመርኋቸውን ልጆች ለማን ልተዋቸው?» አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ በታንኳ ተሻግሬ ደረስሁ። ደጀ ሰላሙ በሰው ጢም ብሏል። ቄሰ ገበዝ ደብተሬን በባዶ እጃቸው ላለመንካት በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቆመው ያነቡ ጀመር፤ ምን ልበላችሁ፣ እንዴት ያለ ንባብ ነው! ሰው ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። የቴሌግራሞቹ ሰዎች ሁለት ገጽ ገረፍ ገረፍ አድርገው «አሪፍ ነው» ብለው ያልፋሉ። እኚህ ሰውዬ ግን ከዳር እስከ ዳር አንብበው የቱ ነገር የት ገጽ እንዳለ በቃላቸው ይዘውታል። በሕይወቴ አንድ እውነተኛ አንባቢ ቢገጥመኝ አባቴን ሊያባርር የተነሳ ሰው ይሁን?

ተነሳሁ። «የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ከራሴ ነው የፈጠርሁት። የኔታ የሚያውቁት ነገር የለም።»

ሳቁ። አንድ ሽማግሌ «አባቷን ልታድን ነው፣ ልጅ ናት፣ አይፈረድባትም» አሉ። ቄሰ ገበዝም «ይህን ያህል ገጽ ያለ ምክንያት የሚዋሽ ፍጡር አለ? ደግሞ ሴት!» አሉ። እውነቱን ልናገር፤ የአባቴ ወንበር እየሄደ፣ እኔን ያንገበገበኝ ሥራዬን መቀማቴ ነበር። ሄጄ ደብተሩን ከእጃቸው መንጭቄ ወሰድሁ፣ ከነጨርቁ።

«ውሸት መሆኑን አሁን አሳያችኋለሁ» አልሁ። በሩ ላይ የተሰቀለውን የድንጋይ ደወል አየሁ። የድንጋይ የድፍርስ ስሙ መሽገሎን ነው፤ አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት እየላጥሁ ነው ያወጣሁለት። ጣቴን ቀስሬ፣ ጮኼ፣ እንደ አጻጻፉ ሦስት ጊዜ ጠራሁት። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። አንድ ዲያቆን አማተበ። ድንጋዩ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

«አያችሁ?» አልሁ። ምን ያህል እንደኮራሁ!

ቄሰ ገበዝ ረጋ ብለው «ልጄ» አሉኝ፣ «ያንቺ ከሆነ አላነበብሽውም እንዴ? በተጠራበት ቀን አይሆንም ይላል እኮ። ቀኑ አይታወቅም ይላል።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። በገዛ እጄ የሠራሁት፣ ማንም አያፈርሰውም ብዬ ምሳዬን የረሳሁለት ብልሃት፣ ፊቴ ቆሞ እኔንም አላሳልፍ አለኝ። «እሱንም የፈጠርሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህሁ። «እሱንም ፈጠርሽ፣ ያንንም ፈጠርሽ» አሉኝ፤ «ድንጋዩን ግን ፊታችን ጠራሽው።» ጥያቄው ከዚህ በኋላ የኔታ ይውጡ አይውጡ መሆኑ ቀረ፤ ሁለታችንም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንውጣ የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተነሳ። አባቴን ላድን መጥቼ ጭራሽ ጨርሻቸው አረፍሁ።

የኔታ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሱ።

«ቄሰ ገበዝ፣ መጽሐፉ ዋጋውን የሚከፍል ማነው ይላል?»

«ጠሪው የሚወደው ሰው ይላል።»

«ይህች ልጅ ማን አላት?» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ወንድም የላት። ያለኋት እኔ ነኝ። እንግዲያስ የሚወሰድበት እኔ ነኛ። ዛሬ ብታስወጡኝ ያ ነገር ሲፈልገኝ መጥቶ ያጣኛል። ያጣኝ ጊዜ የማንን በር ያንኳኳል? ተዉኝ፣ ወንበሬ ላይ ልቀመጥና እዚሁ ይምጣ።»

ቄሰ ገበዝ ደብተሩን ከእጄ ተቀብለው ገጹን ገልጠው አዩ። አዩ ስላችሁ! «እውነት ነው፣ እንዲህ ይላል» አሉ። የኔታ አልወጡም። ያን ያህል አገር በአንድ የሽማግሌ አንደበት እጁን ሰጠ።

ወደ ቤት ስንሄድ «የኔታ፣ ረታናቸው እኮ!» አልኋቸው።

«ምኑን?» አሉ። «አርባ ዓመት ውሸት ነው እያልሁ ያባረርሁትን ነገር ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እውነት ነው ብዬ መጣሁ።» ሌላ አልተናገሩኝም።

ወሬው ወረታ ከእኔ ቀድሞ ገባ። ያን ሰሞን የሱቄ ደንበኛ ተለወጠ። ማመልከቻ ላጽፍ ብሎ ይገባና በሩን መለስ አድርጎ «ያን ነገር… አንዲት ስም ብቻ» ይለኛል። ደጀ ሰላም ላይ «ይውጡ!» እያለ ሲጮህ በዓይኔ ያየሁት ሰውዬ ሳይቀር መጣ፣ የአማቹን በሬዎች ሊያሳብድ። «ዋጋውን የሚወዱት ሰው ነው የሚከፍለው» ብዬ ላስፈራራው ሞከርሁ። ትንሽ አሰበና «እኔ የምወደው ሰው የለም» አለኝ። ይህን ቀዳዳ የባሕር ዳሩ ሰው እንኳ አላየውም ነበር። ገፍቼ አስወጣሁት፤ በዚያው ከቡድኑም ወጣሁ። «ሁለተኛው ክፍልስ?» እያሉ ደጋግመው ጻፉልኝ።

የኔታ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ግን ማን ይቅረባቸው። ሰው ሁሉ የሚመጣባቸውን ነገር ከሩቅ ሆኖ ይጠብቃል። ባስነጠሱ ቁጥር ይተያያል። ተማሪዎቹ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ሲለምኑ በር ይዘጋባቸው ጀመር፤ ያ ነገር ከሚወርድበት ቤት የመጣ ልጅ ደጃችን አይቁም ተባለ። ረሃብ ደግሞ ዜማ አያስጠናም። ጥቅምት ላይ አሥራ አምስት ቀሩ፣ ጥር ላይ አራት። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወረታ ሩዝና ሽሮ ተሸክሜ እሄዳለሁ፤ የኔታ ከአራቱ ጋር፣ ሠላሳ እንዳሉ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያስተምራሉ። አርባ ዓመት ያዜመላቸው፣ ልጆቻቸውን ያስተማረላቸው፣ ሙታናቸውን የሸኘላቸው ሰው ነው። አይ ሰው!

በዓመቱ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የኔታ ደፍ ላይ ተደናቀፉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸውን አየሁት፤ ሁለቱም ላይ ነጭ ነገር ጥሎበታል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልነገሩኝም። አገሬው ግን ከእኔ በፊት አይቶታል። እስከ ኅዳር ከወንበራቸው እስከ ቤታቸው ያለውን መንገድ ማየት አቃታቸው።

እና የተዘጋው በር ሁሉ ተከፈተ። ልጆቻቸውን ጉያቸው የሸጎጡት እናቶች እንጀራ በመሶብ ይዘው መጡ። ተማሪዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። የሄዱት ብቻ አይደሉም፣ አዲስም መጣ። «ተከፈለ» ይባባላሉ፤ ከንፈር እየመጠጡ፣ ግን ፊታቸው አርፏል። በዚያ ላይ የዚያን ዓመት ሩዙ ያዘ፤ አበቃ፣ ማን ይቻላቸው! ቄሰ ገበዝ ራሳቸው ጧት ማታ እየመጡ የኔታን እጅ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ያደርሳሉ።

ብዙ ሳይቆይ የዓይን ሐኪሞች ወረታ መጥተው ሞራ ሊገፉ ነው ተባለ። ተሰልፌ የኔታን አስመዘገብሁ። የቀጠሮውን ወረቀት ይዤ በዚያው ቀን ሄድሁ፤ ከውሃው ዳር እስከ ቤቱ በሩጫ ነው የደረስሁት።

«ሞራ ነው የኔታ፣ ሌላ አይደለም። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም አሉኝ። ያያሉ!»

«ካየሁ በኋላስ?»

«ካዩ በኋላ ምን? ያያሉዋ!»

«ካየሁማ አልተከፈለም ማለት ነው» አሉ። «እንደገና ይጠብቃሉ። ልጆቹ እንደገና ይራባሉ።»

«እንግዲያው ወረታ ይምጡ፣ ከእኔ ጋር ይኑሩ።»

«ወረታ ማንን ላስተምር፣ ባጃጁን?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «ለዜማ ጆሮ ይበቃኛል፣ ልጄ። ሰው ከሚፈራኝ ቢያዝንልኝ ይሻለኛል።»

«ውሸት እኮ ነው!» ብዬ ጮህሁ። እግራቸው ላይ ተደፋሁ። «የኔታ፣ እኔ ነኝ የፈጠርሁት! ምንም የለም እኮ! ምንም!»

«አውቃለሁ» አሉኝ፣ ራሴን እየዳበሱ።

በዚያ ሁሉ አገር ፈጠርሁት ስል ያመኑኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። የከፈሉትም እሳቸው ናቸው።

የሠርክ ጸሎት ደርሶ ቄሰ ገበዝ መጡ። የኔታን ብድግ አድርገው በክንዳቸው አቀፏቸው፤ ጭቃ ያለበትን እያዞሩ፣ «እዚህ ላይ ድንጋይ አለች፣ ቀስ» እያሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ፊታቸው ላይ ተንኮል ብፈልግ አጣሁ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አለፈ» አሉኝ። «እኔ አለሁላቸው።»

ወረቀቱን እጄ ውስጥ ጨብጬ ጎንበስ አልሁና «እግዜር ይስጥልኝ» አልኋቸው።